ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተልም፦ ያለቀ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በቤት ውስጥ እንዴት ይቀየራል?

በገጠር ቀበሌዎች የሚዘዋወር የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ክትባት የሚያደርስ የጤና ሠራተኛ፣ ከገበያ ገበያ ሸቀጥ የሚያመላልስ ነጋዴ እንዲሁም ሰው በማጓጓዝ የሚተዳደር ወጣት አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፤ የዕለት ሥራቸው በሁለት ጎማ ላይ የቆመ ነው። ሞተር ሳይክሉ ከቆመ ገቢውም አገልግሎቱም አብሮ ይቆማል። ለዚህ ከሚዳርጉ ብልሽቶች መካከል ቀስ በቀስ የሚመጣውና ብዙ አሽከርካሪዎች ዘግይተው የሚነቁበት የፍሪሲዮን ማለቅ ነው።

ጉዳዩ ከወጪም በላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለትና ዳገት ባለው የዓባይ በረሃ፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወይም በጣርማ በር አቀበት ላይ ጭነት የያዘ ሞተር ሳይክል ኃይሉን በድንገት ሲያጣ፣ ከኋላው የሚመጣ ከባድ መኪና ጊዜ ላይሰጠው ይችላል። በቁልቁለትም ቢሆን ክፉኛ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን በማርሽ የመያዝ አቅምን ያዳክማል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለፍሪሲዮን የተነገረ ይመስላል፤ በጊዜ የተቀየረ ሸራ ሌሎቹን የሞተር ክፍሎች ከጉዳት ያተርፋል።

ሥራው ጥንቃቄና ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። በአብዛኞቹ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ላይ መሠረታዊ የመፍቻ ቁልፎች ያሉት ሰው በቤቱ ሊያከናውነው ይችላል። ይሁንና የት ድረስ በቤት እንደሚሠራና የት ላይ ለመካኒክ እንደሚተው አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ፍሪሲዮን ምን ይሠራል?

በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚነገሩ ብዙ ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ሞላና ካቻቢቴ ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። ፍሪሲዮንም አንዱ ሲሆን በመነሻ ቋንቋው «ሰበቃ» ማለት ነው። ስሙ የክፍሉን ሥራ በትክክል ይናገራል፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ጎማ የሚያሻግረው የዲስኮች እርስ በርስ መነካካትና መሳሳብ ነውና።

ከ100 እስከ 200 ሲሲ ባላቸው አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚገኘው ፍሪሲዮን በዘይት ውስጥ የሚሠራ፣ ባለ ብዙ ዲስክ ነው። በአንድ ክብ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ዲስኮች እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። ሸራ የተለጠፈባቸው ዲስኮች በዳርቻቸው ባሉ ጥርሶች ከውጭው ቤት ጋር ይያያዛሉ፤ ቤቱም ከሞተሩ ዋና ዘንግ ኃይል እየተቀበለ ይዞራል። በመካከላቸው የሚገቡት ልሙጥ የብረት ዲስኮች ደግሞ ከውስጠኛው እምብርት ጋር ይያያዛሉ፤ እምብርቱ የሚያዞረው ካምቢዮውን ነው። ሞላዎች በመጫኛ ሰሃን አማካይነት ድርድሩን አጥብቀው ሲጫኑት ሁለቱ ወገኖች እንደ አንድ አካል አብረው ይዞራሉ። አሽከርካሪው በግራ እጁ ሌቫውን ሲጨብጥ ገመዱ መጫኛ ሰሃኑን ከድርድሩ ያላቅቀዋል፤ ዲስኮቹም ይፈታሉ፤ ሞተሩ እየዞረ ጎማው ነጻ ይሆናል።

ሸራው ሲያልቅ የሚፈጠረው ችግር ከዚህ ይነሣል። በብዙ አነስተኛ ሞተሮች ላይ አዲስ ባለ ሸራ ዲስክ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት አለው። እያንዳንዱ ዲስክ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳ ለዓይን ልዩነቱ አይታይም። አምስት ዲስኮች ላይ ሲደመር ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሞላዎቹ በዚያው ልክ ይለጠጡና የሚጫኑበት ጉልበት ይቀንሳል። ሸራው ሳስቶ፣ ሞላው ደግሞ ላልቶ ድርድሩን የሚይዘው ኃይል ከሞተሩ ጉልበት ባነሰ ጊዜ ዲስኮቹ መንሸራተት ይጀምራሉ። መንሸራተቱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ሸራውን ይበልጥ ያቃጥለዋል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ብልሽት ከመጀመሪያዎቹ ወራት ይልቅ እጅግ የሚፋጠነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመፍታት በፊት፦ ጥፋቱ በእርግጥ የሸራው ነው?

ያለቀ ፍሪሲዮን ዋነኛ ምልክት ነዳጅ ሲጨመር የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ በዚያው ልክ አለመጨመሩ ነው። ምልክቱ አስቀድሞ የሚታየው በዳገት፣ ሰው ወይም ዕቃ ሲጫንና በከፍተኛ ማርሽ ሲነዳ ነው። የቃጠሎ ሽታ መኖርና የሞተር ዘይቱ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ መጥቆር ተጨማሪ ማስረጃዎች ናቸው። በተቃራኒው ሌቫው ተጨብጦ ሳለ ሞተር ሳይክሉ ወደፊት የሚገፋ፣ ማርሹ እየተንቋቋ የሚገባ ወይም ዜሮ ማርሽ ለማግኘት የሚያስቸግር ከሆነ ችግሩ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አለመላቀቁ ነው። መንስኤውም ብዙውን ጊዜ የገመድ መላላት ወይም የብረት ዲስኮች መጠምዘዝ ነው።

ለመንሸራተት ሸራው ብቸኛ ተጠያቂ አይደለምና ሽፋኑ ከመከፈቱ በፊት ሁለት ነገሮች ይፈተሻሉ። የመጀመሪያው የገመዱ ልክ ነው። ሌቫው መጫን ከመጀመሩ በፊት ጫፉ ላይ ጥቂት ነጻ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል፤ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ይህ ክፍተት በአብዛኛው እየጠበበ ይመጣል። ክፍተቱ ከጠፋ ገመዱ ሁልጊዜ እንደ ተሳበ ይቆያል፤ ማንም ሳይነካው ፍሪሲዮኑ በከፊል የተጨበጠ ያህል ይሆናል። ማስተካከያውን በማዞር ብቻ የሚድን ሞተር ሳይክል ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን የሚያገለግለው አንድ ዘይት ነው። ለመኪና ከሚዘጋጁ ዘይቶች አንዳንዶቹ ሰበቃን የሚቀንሱ ቅመሞች የተጨመሩባቸው በመሆናቸው ጤነኛውን ሸራ ሳይቀር ሊያንሸራትቱ ይችላሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይቶች ባወጣችው ደረጃ መሠረት በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማው ዘይት «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ይታተምበታል። ባለ ሁለት ምት በሆኑ የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ግን ፍሪሲዮኑ የሚጠቀመው ለብቻው የሚሞላውን የካምቢዮ ዘይት ነው።

ገመዱ ተስተካክሎና ዘይቱ ተለውጦ መንሸራተቱ ከቀጠለ መክፈቱ ተገቢ ይሆናል።

ዝግጅት

አስቀድሞ የሚገዙት ዕቃዎች ባለ ሸራ ዲስኮች፣ የሞላ ስብስብ፣ የሽፋኑ ጋስኬትና በመመሪያው ልክ የሆነ አዲስ ዘይት ናቸው። ከተቻለ የብረት ዲስኮችንም አብሮ መግዛት ይመከራል። የሞተር ሳይክሉን ሞዴልና የተመረተበትን ዘመን ለሻጩ መናገር፣ ከዚያም አዲሱን ዲስክ ከአሮጌው ጋር በጥርስ ብዛት፣ በስፋትና በውፍረት ማነጻጸር ያስፈልጋል። ማሸጊያው ከታወቀ አምራች ሸቀጥ ጋር ቢመሳሰልም ሸራው በጥፍር ሲፋቅ የሚረግፍ ወይም በደንብ ያልተጣበቀ ዲስክ ለመንገድ አይታመንም።

አዲሶቹ ባለ ሸራ ዲስኮች ከመገጠማቸው በፊት በንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ተዘፍዝፈው መቆየት አለባቸው። ደረቅ ሸራ የተገጠመለት ሞተር ሲነሣ ዘይቱ እስኪደርስ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ የጥገናው ሥራ የሚጀምረው ከዋዜማው ነው።

የሥራው ቦታ ደልዳላ፣ ብርሃን ያለውና ከአቧራ የራቀ ሊሆን ይገባል። በነፋሻ ግቢ ውስጥ ሞተር መክፈት አሸዋ ወደ ካምቢዮ መጋበዝ ነው። የተፈቱትን ብሎኖች በቅደም ተከተል የሚያስቀምጡበት ካርቶን፣ ንጹሕ ጨርቅና ዘይት መቀበያ ሳፋ በአጠገብ ይዘጋጃሉ። ሞተሩም ቀዝቅዞ መሆን አለበት፤ ዘይቱ በቀላሉ እንዲወርድ ሞቅ ማለቱ ቢጠቅምም የጋለ ዘይት እጅ ያቃጥላል።

አፈታት

በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚገኘው በቀኝ በኩል ነው። ሞተር ሳይክሉ በመሐል ማቆሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ዘይቱ ይወርዳል። የእግር ማስነሻው ፔዳልና እንደ አሠራሩም የኋላ ፍሬን መርገጫው ይነሣሉ። የፍሪሲዮኑ ገመድ በሽፋኑ በኩል የሚያልፍ ከሆነ በቅድሚያ ይላላና ይላቀቃል።

የሽፋኑ ብሎኖች ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል የሽፋኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ስሎ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ መሰካት የተፈተነ ዘዴ ነው። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል። ሽፋኑ አልላቀቅ ካለ በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይገባም፤ ሁለቱ ፊቶች ከተጫሩ ዘይት ማንጠባጠቡ አይቀርም። በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ መምታት በቂ ነው። ሽፋኑ ሲወጣ በማስነሻው ዘንግ ላይ ያለችው ሮንዴላ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቃ ልትመጣና ልትወድቅ ስለምትችል በትኩረት መከታተል ያስፈልጋል።

ቀጥሎ በመጫኛ ሰሃኑ ላይ ያሉት ብሎኖች ይፈታሉ፤ ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ 4 ነው። አንዱን ጨርሶ ከፈቱ በኋላ ወደ ሌላው መሄድ ሰሃኑን ያጣምመዋል። ትክክለኛው አካሄድ ተቃራኒ ለተቃራኒ እየተፈራረቁ እያንዳንዱን በግማሽ ዙር ማላላት ነው። ሞላዎቹና ሰሃኑ ከወጡ በኋላ ዲስኮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከዚህ በፊት የድርድሩን ፎቶግራፍ በስልክ ማንሣት፣ የሰሃኑንና የእምብርቱን የአቀማመጥ ምልክት ማየት ኋላ ላይ ከግምት ያድናል። ከመሐል የሚገኘው የግፊት ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ የብረት ኳስ ወይም ኩሽኔታ ሊኖር ይችላል፤ እርሱም እንዳይጠፋ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በአንዳንድ ሞዴሎች መጫኛ ሰሃኑ የሚገኘው ከዲስኮቹ በስተ ውስጥ ነው። በእነዚህ ላይ ዲስኮቹን ለማውጣት የእምብርቱን መሐል ዳዶ ወይም መያዣ ቀለበት መፍታት የግድ ይሆናል። ዳዶው ልዩ ቁልፍና እምብርቱን እንዳይዞር የሚይዝ መሣሪያ ይጠይቃል። በመዶሻና በብረት ቁራጭ እየመቱ መፍታት ጥርሱን ይጎዳል፤ ተመልሶም በትክክል አይጠብቅም። ትክክለኛው መሣሪያ የሌለው ሰው ሥራውን ለመካኒክ መስጠቱ ያተርፈዋል።

ምርመራ

ሽፋኑ የተከፈተው ዲስክ ለመቀየር ብቻ አይደለም። ያለቀው ሸራ ምን እንዳጠፋው ካልታወቀ አዲሱም በቅርቡ ያንኑ መንገድ ይከተላል። ስለዚህ አራት ነገሮች ይታያሉ።

የባለ ሸራ ዲስኮች ውፍረት በካሊፐር ይለካል። ዝቅተኛውን ልክ የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ሲሆን በብዙ አነስተኛ ሞተሮች 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 2.6 ወይም 2.7 ሲወርድ መቀየር አለበት። አንዱ ብቻ ከልክ በታች ቢሆንም ሁሉም በአንድ ላይ ይቀየራሉ።

የብረት ዲስኮች በወፍራም መስተዋት ላይ ተነጥፈው መጠምዘዛቸው ይታያል። በዲስኩና በመስተዋቱ መካከል ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ወደ ሰማያዊነት የተለወጠ ዲስክ ከልክ በላይ የጋለ ነው፤ አይመለስም።

የሞላዎቹ ርዝመት እርስ በርስና ከአዲሶቹ ጋር ይነጻጸራል። ካጠሩ ለአዲስ ሸራ አሮጌ ሞላ መስጠት ግማሽ ጥገና ይሆናል።

የውጭው ቤት ጥርሶች ደግሞ በጣት ይዳሰሳሉ። ዲስኮቹ ለዓመታት እየመቱ የፈጠሩት ጎድጓዳ ካለ አዲሶቹ ዲስኮች በዚያ ይያዙና በነጻነት አይንሸራሸሩም። ጥቂት ጭረት በጥሩ ሞረድ ሊስተካከል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይደረጋል። ጥልቅ ከሆነ ግን ቤቱ ራሱ መቀየር አለበት።

መልሶ መግጠም

ድርድሩ በብዙ ሞተር ሳይክሎች የሚጀምረውም የሚያበቃውም በባለ ሸራ ዲስክ ነው፤ በመካከል ሸራና ብረት ይፈራረቃሉ። የመጨረሻው ዲስክ ከሌሎቹ የተለየ መግቢያ ያለው ሞዴልም ስለሚኖር የተነሣው ፎቶግራፍ እዚህ ላይ ይጠቅማል። መጫኛ ሰሃኑ ከምልክቱ ጋር ተገጣጥሞ በእምብርቱ ጥርሶች ላይ በትክክል መቀመጡ ይረጋገጣል። ሳይገጥም በብሎን ኃይል ማስገባት ሰሃኑን ይሰብረዋል።

በቤት የሚሠሩ ጥገናዎችን በብዛት የሚያበላሸው ስህተት ብሎን ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። የሞላዎቹ ብሎኖች ቀጫጭን ናቸው፤ የሚገቡትም በለስላሳ አልሙኒየም ውስጥ ነው። ልካቸው በአብዛኛው 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ የሚጠብቅ ማለት ነው። አጠባበቁም እንደ አፈታቱ ተቃራኒ ለተቃራኒ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሆናል።

ከሁለቱ ፊቶች ላይ የአሮጌው ጋስኬት ቅሪት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ቁራጭ ይጸዳል፤ ፍርፋሪውም ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ክፍቱ በጨርቅ ይሸፈናል። አዲሱ ጋስኬት ተቀምጦ ሽፋኑ ይመለሳል፤ ገመዱ ይገባል፤ ነጻ እንቅስቃሴው ይለካል። በመጨረሻም ዘይቱ እስከ ልኩ ይሞላል።

የመጀመሪያው ሙከራ

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ማርሽ ይገባና ሞተር ሳይክሉ በእጅ ይገፋል። ሌቫው ሲጨበጥ ጎማው ነጻ መሆን፣ ሲለቀቅ መያዝ አለበት። ይህ ካልሆነ ድርድሩ ወይም ገመዱ ስለተሳሳተ ወደ መንገድ አይወጣም። ሙከራው ከተሳካ ሞተሩ በዜሮ ማርሽ ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ የዘይት መንጠባጠብ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ቀጥሎ ሰው በማይበዛበት ሜዳማ መንገድ፣ ያለ ጭነት ይነዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዲሱ ሸራ ከብረቱ ጋር እስኪላመድ ድረስ በኃይል መንዳትና ከባድ ጭነት መጫን አይመከርም፤ የገመዱ ነጻ እንቅስቃሴም እንደገና ይለካል።

ዕድሜውን የሚወስነው እጅ ነው

ሁለት ተመሳሳይ ሞተር ሳይክሎች በአንድ መንገድ እየሠሩ የአንዱ ፍሪሲዮን የሌላውን እጥፍ ሊያገለግል ይችላል፤ ልዩነቱ ከአያያዙ ይመጣል። ጣትን ሁልጊዜ በሌቫው ላይ አሳርፎ መንዳት፣ በዳገት ላይ ሞተር ሳይክሉን በፍሬን ፋንታ በፍሪሲዮን ይዞ ማቆም፣ ማርሽ መቀነስ ሲገባ ፍሪሲዮኑን በከፊል እየያዙ ነዳጅ መጨመር እንዲሁም ከአቅም በላይ መጫን ሸራውን ያቃጥላሉ። በተመሳሳይ መርህ በሚሠሩት ባለ ሦስት እግር ባጃጆችም ላይ ያው ነው።

ከጥገናው የሚቀረው ያገለገለ ዘይትም ኃላፊነት ያስከትላል። በውስጡ የብረት ብናኝና ለጤና ጎጂ የሆኑ የቃጠሎ ውጤቶች ስላሉ ወደ ቦይ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጓሮ አይደፋም፤ ከእጅም ወዲያው በሳሙና ይታጠባል። በክዳን በሚዘጋ ጀሪካን ተጠራቅሞ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ መስጠት ይሻላል።

ፍሪሲዮን መጠገን ለሚችል አሽከርካሪ የሚተርፈው የሠራተኛ ዋጋ ብቻ አይደለም። የሞተሩን ድምፅ ከጎማው እርምጃ ጋር እያነጻጸረ የሚነዳ ሰው መንሸራተቱን ገና በጅምሩ ይሰማዋል። በዚያ ሰዓት መፍትሔው ማስተካከያውን ማዞር ወይም ዘይቱን መለወጥ ሊሆን ይችላል፤ የዘገየ ከሆነ ግን ሸራው፣ የብረቱ ዲስክና ሞላው አንድ ላይ ይጠይቁታል።